ድንቡሼ ሳይነሳ የቀረ ዕለት

ሥራዬን «በቃሽ» ብሎ ያስቆመኝ አለቃ የለም። የጡረታ ደብተር አልያዝኩም፣ የመሸኛ ግብዣም አልተደረገልኝ፤ እንደኔ ላለው ሥራ ማን ይደግሳል? አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስገባሁት፣ በዚያው ቀረ። አሁን የምኖረው ሰቆጣ፣ ከልጄና ከልጆቿ ጋር ነው። መቀመጥ አልወድም። እግሬ የለመደው መንገድ ነውና ጠዋት ከወጣሁ ከገበያው ወደ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስዞር እውላለሁ። የሚያውቀኝ ሰው ሲያገኘኝ፣ «እማማ ትርንጎ፣ ጎበዜን መቼ ነው የሚያሳዩን?» ይለኛል። «ጉሮሮዬን አሞኛል» እለዋለሁ። ጉሮሮዬ ደህና ነው።

ለማያውቀኝ ልንገር። እኔ ፊልም አውሪ ነበርኩ። በሰይፍና በአስማት የሚጣሉበት ፊልም አለ፤ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ፣ ጡንቻው እንደ ካብ የተደራረበ ጎረምሳ በፈረስ እየጋለበ ይመጣል፣ ጥቁር ካባ የለበሰ መተተኛ ከእጁ ጢስ ያወጣበታል፣ ልዕልቲቱ ዋሻ ውስጥ ሆና ትጮኻለች። እንዲህ ያለውን ፊልም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ በአማርኛም በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛም ለሕዝቡ አወራ ነበር። እንግሊዝኛ አልችልም። ያኔም አልችልም፣ ዛሬም አልችልም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉን የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በፊት እግረኛ ነጋዴ ነበርኩ። ባሌ በልጅነቴ ሞቶብኝ ልጄን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መርፌና ክር በአህያ ጭኜ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ። ደርግ ከወደቀ ትንሽ ቆይቶ ይመስለኛል፣ ደሃና ገበያ ላይ ሰው ወደ አንድ አዳራሽ ሲጋፋ አየሁና ተከትዬ ገባሁ። መስኮቱ በጆንያ ተደፍኗል። ከፊት ለፊት ሣጥን የመሰለ ቴሌቪዥን ተቀምጧል፣ አጠገቡ ነጭ ቆብ ያደረገ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል። ሰቆጣ ሱቅ ያለው ጋሽ ሰይድ የሚሉት ነጋዴ ነው። «አሁን ተጣሉ» ይላል። ዝም ይላል። «አሁን ደግሞ ታረቁ» ይላል። አጠገቤ ያሉት አሮጊቶች አማርኛቸው እንደነገሩ ነው፤ «ምን አለ? ምን አለች?» ብለው ቢይዙኝ በኽምጥኛ አወራላቸው ጀመር። ከፊት ያሉት ዞሩ። የመሃሎቹም ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ ሙሉ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ እኔን ያይ ጀመር።

ሰውዬው ፊልሙን አቆመና መጣ።

«ማነሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ሽንኩርት ሻጭ ነኝ።»

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን እንደሚሉ በምን አወቅሽ?»

«ፊታቸው ላይ ይታይ የለም እንዴ? ይሄ ቀንዳም ቆብ ያደረገው ልጅቱን ይፈልጋታል፤ አባቷ አልሰጥም ብሏል፤ አስማት ሊሠራባት ነው። ሌላ ምን አለ?»

ጋሽ ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እኔም አልችልም፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ነይ፣ ቁሚ እዚህ።»

እንዲህ ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዝ ብዙ የምለው የለኝም፤ በልቼ አድሬበታለሁ፣ ልጄን ድሬበታለሁ። ጄኔሬተሩን አንድ አህያ፣ በጭድ የተከበበውን ቴሌቪዥን ሌላ አህያ ተሸክመው ከደሃና ወደ ፃግብጂ፣ ከፃግብጂ ወደ ጽጽቃ፣ የገበያ ቀን እየተከተልን እንዞራለን። ቁልቁለት ላይ ጋሽ ሰይድ የቴሌቪዥኑን አህያ ራሱ ይይዛል። ለአህያዋ እንደ ነፍሰ ጡር ሚስት ነበር የሚያወራላት። «ቀስ፣ እመቤቴ፣ ቀስ» ይላል። እኔን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

አሠራር ያስተማረኝ እሱ ነው። ጄኔሬተሩ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ነፋስ ድምፁን በሚወስድበት በኩል፣ በካብ ተከልሎ ይቀመጣል። ካሴቱን የሚያጫውተው ዴክ ራሱ ሲቆሽሽ ሥዕሉ በረዶ እንደመታው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥጥ በአረቄ ነክሮ ይጠርገዋል። አረቄውን ሊገዛ ሲሄድ የገበያው ሰው፣ «ጋሽ ሰይድ ዛሬም ሊጠጣ ነው!» ብሎ ይስቅበታል። እሱ ጠርሙሱን ከአፍንጫው አርቆ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ እንደ እባብ ይዞት ይመጣል። ፊልሙ ላይ ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲጠጉ ቆቡን አውልቆ መስተዋቱ ላይ ይደፋዋል። ቆቡ ለቴሌቪዥኑ ስፋት አይበቃም፤ እግራቸው ይታያል። «እግራቸው ምን ይሠራል?» ይላል አንዱ። «ጫማ እየተለካኩ ነው» እላለሁ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እሱ ፊልም አለማየቱ ነው። ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የሰዎቹን ፊት ያያል። የኋለኛው ረድፍ አንገቱን ካሰገገ ድምፄ አልደረሰም ማለት ነውና ጣቱን ወደ ላይ ያነሳልኛል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ካደረገች ፈርታለችና እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ ቀልድ ጣል አደርጋለሁ። «ፊልሙ ያለው እነሱ ፊት ላይ ነው፤ ያኛው መብራት ነው» ይለኝ ነበር። ቀድሜ መናገርንም ከእሱ ተማርኩ። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ እስኪጨርስ ከጠበቅሽ ወሬው ይበርዳል። ቅንድቡን አይተሽ ቀድመሽ ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ እሱ አፉን ሲከፍት ሰው ሁሉ አንቺን የሰማ ይመስለዋል።

ለሰዎቹ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሰይፈኛው ጎበዜ ነው። ልዕልቲቱ እሜቴ ናት። የጎበዜ ጓደኛ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መብላት የማይሰለቸው ሰው ነበርና ድንቡሼ አልኩት። መተተኛውን መጀመሪያ «ደብተራው» እለው ነበር። አንድ ቀን ፃግብጂ ላይ የቅኔው መምህር መሪጌታ ፈንታ ከኋላ ተቀምጠው ኖሮ ፊልሙ ሲያልቅ ጠሩኝ።

«ነይ ወዲህ። ደብተራው ብለሽ ያልሽው ማንን ነው?»

«ያንን መተተኛ ነው፣ መሪጌታ።»

«እንዲህ እጁን አንስቶ እንደ ሽማኔ የሚያወዛውዝ ደብተራ የት አየሽ? አስማት የሚሠራ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ።»

«ርስዎ በምን አወቁ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው ሳቃቸውን ዋጡ። «ስሙን ቀይሪልን» አሉኝ። ቀየርኩት፤ «መተተኛው» ብቻ አልኩት። ከዚያ ወዲያ በመጣን ቁጥር ከኋላው ረድፍ አይጠፉም፤ መተተኛው እጁን ሲያነሳ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አያቸዋለሁ።

ሰው እነዚህን ፊልሞች ለምን እንዲህ እንደወደደ ብዙ አስቤበታለሁ። ፈረሱ ሲነሳ ቡላ ነው፤ ወንዙን ሲሻገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። «ታጥቦ ነው!» ይላል አንዱ። ዘንዶው ጎማ ነው፣ ሆዱ ላይ ስፌቱ ይታያል። «ማን ሰፋው?» «የሰቆጣው ጫማ ሰፊ!» ጎበዜ በበረዶ መሃል ራቁቱን ሲሄድ ደሃና ላይ እናቶች እውነት ያዝኑለታል። «ኧረ ጋቢ ስጡት! እናት የለውም?» ሰይፉ ሲያርፍ ደም የለም። ሰውዬው «ኣ!» ይልና ይወድቃል፤ ሲወድቅ እንኳ እንዳይጎዳ ጎኑን አስተካክሎ ነው። ክብደት የሌለው ሞት ነው። እኛ ያንን አናውቀውም ነበር። እዚህ አገር ሞት ክብደት አለው፤ ቤት ይዘጋል፣ ከብት ያሸጣል፣ ሴትን ያስረጃል። እና ሰው ለአንድ ከሰዓት ሞትን እንደ ላባ አንስቶ ሲያየው ልቡ ቅልል ይለዋል።

ለዚህ ነው ጋሽ ሰይድ ጠመንጃ ያለበትን ፊልም የማያሳየው። ወጣቶቹ «ጥይት ያለበት አምጣልን» ብለው ሲያስቸግሩት፣ «ጠመንጃማ የማያውቀው ቤት የለም» ይላቸዋል። «ዘመዳቸውን የገደለውን ዕቃ እያሳየሁ ነው የማስቃቸው?»

ብርነሽን ያገኘኋት በዚያው በፃግብጂ ነው። ሳቋን ከሩቅ ነው የሰማሁት። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሁለት ጎረቤቶቿን ካልደገፈች መሳቅ የማትችል ሴት ናት። ስትስቅ ግራና ቀኝ ያሉት አብረው ይወዛወዛሉ። ባሏ ሞቶ አንድ ልጇን ምስጋንን ብቻዋን ታሳድጋለች። እኔም ባል የለኝ፤ ስንመጣ የማድረው እሷ ቤት ሆነ። እንደ እህት ሆንን።

ድንቡሼ በጓደኛው ፈንታ ጦር ተቀብሎ የሚሞትበትን ፊልም መጀመሪያ ያሳየነው እዚያ ነው። ድንቡሼ ወደቀ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ለቅሶ ሆነ። ጎበዜ መተተኛውን ገድሎ ልዕልቲቱን ቢያገባም ማንም አላየለት። ፊልሙ አለቀ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ጆንያው ከመስኮት ተነሳ፤ ሰው ግን አይነሳም።

«አልቋል እኮ» አለ ጋሽ ሰይድ። «ገበያችሁ አመለጣችሁ።»

ብርነሽ ናት የመለሰችለት። «እንዴት ነው ሰው ሞቶ ዝም ብለን ተነስተን የምንሄድ? ቀብሩ የታለ? እናቱስ ሰምታለች?»

«ፊልም ነው፣ እህቴ።»

«ፊልምም ቢሆን ሞቷል። ይሄን ይዤ እቤቴ አልገባም።»

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ሲያይ ቆየና ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነው። ድንቡሼ ከመሬት ብድግ አለ፣ ጦሩ ከደረቱ ወጣ፣ ወደ ኋላ እየሮጠ ፈረሱ ላይ ወጣ፤ ማጠንጠኑ ሲቆም ግብር ቤት ተቀምጦ አንድ ሙሉ ታፋ እየጋጠ ይስቃል። «እሰይ! ብላ! ብላ የኔ ልጅ!» አለች ብርነሽ። ሴቶቹ እልል አሉ። ነጠላቸውን አራግፈው፣ እየሳቁ፣ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። በየትኛውም አገር፣ የትኛውም ፊልም ላይ ደግ ሰው ከሞተ፣ ሰው ከመበተኑ በፊት እናስነሳዋለን። ሰውም ለመደው። ካሴት ቀርቶ በሲዲ፣ ሲዲም ቀርቶ በፍላሽ ስናሳይ ይህ ብቻ አልተለወጠም። ሕፃናቱ፣ «አሁን ድንቡሼን አስነሱት!» ብለው ያጨበጭባሉ። የሞተ ሰው አሸክመን ማንንም ወደ ቤቱ ሸኝተን አናውቅም። ጋሽ ሰይድ በሥራው የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ ሥራው መድከም ጀመረ። ዲሹ ገባ፣ ሞባይሉ ገባ፣ ሰው ብቻውን ማየት ተማረ። እኛ ከከተማ እየራቅን፣ መብራት ወደሌለበት እየገባን ቆየን። ጋሽ ሰይድ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። ጦርነቱን ሳያይ መሞቱ ጸጋ ነው እላለሁ አንዳንዴ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጸጋ መባሉ ራሱ ያሳዝነኛል። ዕቃውን ልጆቹ «ያንቺ ነው» ብለው ሰጡኝ።

ጦርነቱን አልጽፈውም። ያየው አይቶታል፣ ያላየውን እኔ አላሳየውም። ብቻ አንድ ቀን ከፃግብጂ በእግሩ የመጣ ሕዝብ ሰቆጣን ሞላት። ለተፈናቃይ በተሰጠ ግቢ ውስጥ፣ ከሸራው መሃል፣ ብርነሽን አገኘኋት። መሪጌታ ፈንታም አብረው ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ነው የወጡት።

«ምስጋንስ?» አልኳት።

«ይመጣል» አለች። «ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቆላው ወርዷል። ልብስ አልያዘም፤ ብቻ ይመጣል።»

በየቀኑ እሄድላታለሁ። እህል ካገኘሁ እህል፣ ካላገኘሁ ወሬ ይዤ። ሳቋ ከእሷ ጋር አልመጣም። መንገድ በሚታይበት በኩል ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ከቆላ የሚመጣ ሰው ሲታይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሰውዬው ቀርቦ ሌላ ሰው ሲሆን ተመልሳ ትቀመጣለች። አትጠይቀውም። ብትጠይቅ መልስ ይኖረዋላ።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መሪጌታ ከቤቴ ድረስ መጡ። በር ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ትርንጎ፣ የምስጋን ነገር ተሰምቷል» አሉኝ። «አብሮት የነበረው ልጅ መጥቷል። በገዛ እጁ ቀብሮታል።»

ልጆቹ እንዳይሰሙ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ልናረዳት ነው። የአጎቷ ልጆች ከደሃና ዛሬ ማታ ይገባሉ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል። እኔ እናገራለሁ። ወጉ እንዳይጎድልባት ነው የምንለፋ፤ ሌላው ሁሉ ጎድሎባታል።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እና ዛሬ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን ያንቺን ጨዋታ አምጪላት። ከነገ ወዲያ መቼ እንደምትስቅ እንጃ። ዛሬን አንዴ ትሳቅ።»

መቼም እሳቸው እንዲህ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም። የተረፈ ቤንዚን ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ፣ ከሰዓት በኋላ የተፈናቃዩ ግቢ መጋዘን ውስጥ ቴሌቪዥኑን አቆምኩ። መስኮቱን በእርዳታ ጆንያ ደፈንኩ። መሬቱ ላይ ሰው ጢም አለ። ብርነሽ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ «መንገዱን ማን ያይልኛል?» ብላ። አንዲት ጎረቤቷ «እኔ አይልሻለሁ» ስትላት ገባች።

የጋሽ ሰይድን ቦታ እኔ ያዝኩ፤ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቴን ለሰው። ፊልሙን በቃሌ ስለማውቀው ማየት አያስፈልገኝም። ያየሁት ፊት ግን የማውቀው አልነበረም። ጎበዜ ሰይፉን ሲመዝ ብዙዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። በረዶው ላይ ራቁቱን ሲሄድ ጋቢ ስጡት ያለ የለም፤ አንዲት እናት ብቻ ልጇን ወደ ሆዷ ጠጋ አደረገች። አንድ መንደር በእሳት የሚጋይበት ቦታ አለ፤ ድሮ «ኧረ ውኃ!» እያሉ የሚሳለቁበት ነው። ያን ቦታ በቶሎ አሳለፍኩት። ክብደት የሌለውን ሞት ሁሉም ክብደት ጨምረውበት እንደሚያዩት ገባኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ቀልድ ጨመርኩ፣ ፈረሱን አፍ አውጥቼ አናገርኩት። «እኔ ቡላ ነኝ፤ ወንድሜ ጥቁሩ ወንዙ ማዶ ይጠብቀኛል፤ ይሄ ራቁቱን ያለ ሰውዬ ሁለታችንንም አድክሞ ይገድለናል» ብል፣ ብርነሽ ሳቀች።

እውነት ሳቀች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ ወጣ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ይዛ ተወዛወዘች። መሪጌታን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው። ሰውም እሷን አይቶ ሳቀ። ለትንሽ ጊዜ ፃግብጂ ገበያ ላይ ያለን መሰለኝ። ያን ሰዓት አቁሜ ቴሌቪዥኑን ብዘጋው ኖሮ! ግን ፊልም ያልቃል፣ ወደ ማለቂያው ደግሞ ድንቡሼ አለ።

ድንቡሼ ወደቀ። ማንም አላለቀሰም፤ ይነሳ የለ፣ ለምደውታል። ጎበዜ መተተኛውን ገደለ፣ እሜቴን አገባ፣ አለቀ። ሰው አልተነሳም። እየጠበቀኝ ነው። ሕፃናቱ፣ «ድንቡሼን! ድንቡሼን!» ማለት ጀመሩ።

እጄ ወደ ቁልፉ ሄዶ ቆመ። ነገ ጎህ ሲቀድ «ልጅሽ ተቀብሯል» የምትባል እናት ፊት እንዴት አድርጌ ነው ሬሳ ብድግ ብሎ ሲስቅና ሲበላ የማሳየው? ግፍ መሰለኝ። በእሷ ላይ የሚደረግ ማሾፍ መሰለኝ። ጋሽ ሰይድ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ መልስ ከመምጣቱ በፊት ግን እጄ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶት ነበር።

«ለዛሬ ይበቃናል» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። «ቤንዚኑ አልቋል።»

ጄኔሬተሩ ግን ከውጭ ይጮኻል። ሁሉም ይሰማዋል።

«ትርንጎ» አለች ብርነሽ። ገና ሳቁ ፊቷ ላይ ነበር። «ድንቡሼን ሳታስነሺው?»

«ነገ...» አልኩ።

«ነገ ምን?»

ሰውዬው ቅንድቡን ሳያነሳ ቀድሜ የምናገር ሴት፣ ምላሴ ደረቀ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ መሪጌታ ሄደ። እሷ ዓይኔን ተከተለች። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

ሳቁ ከፊቷ ሲሄድ አየሁት። ፊት ማንበብ የዕድሜዬ ሥራ ነው፤ ያን ቀን ያየሁትን ግን ባላየሁት እወዳለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት የሞተ ሰው አሸክሜያት አላውቅም። ዛሬ አሸከምኳት፤ የማን ሬሳ እንደሆነም አወቀች። ማንም ግራና ቀኟን ሳይዛት፣ የአጎቷ ልጆች ሳይደርሱ፣ በሰው መሃል፣ የልጆች ጭብጨባ እየሰማች። አልጮኸችም። ብድግ አለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቷ አዙራ አዘቀዘቀችው፣ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። በራሷ እጅ። ከዚያ ሰዎቹን እየተሻገረች ወጣች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እኔም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሄድኩ። ከሸራዋ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። መሪጌታ፣ «ብርነሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን...» ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሳች።

«አይድከሙ፣ መሪጌታ። ትርንጎ ነግራኛለች።»

የተዘጋጀው ቃል ሁሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ሊይዟት የመጡት ሴቶች የሚይዙት አጡ። ወጉ እናት ስትጮኽ ነው የሚጀመረው፤ እሷ ስትጮኽ ሌላው ይከተላል፣ ዕንባ በዕንባ ይጎተታል፣ ሰው ይወጣለታል። እሷ አልጮኸችም። የመጣው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ በየቦታው ቆመ። ከደሃና የመጡት የአጎቷ ልጆች ብቻቸውን ትንሽ አልቅሰው ዝም አሉ። የሦስት ቀኑም፣ ዐርባውም ያለ እሷ ዕንባ አለፈ። መሪጌታ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቴሌቪዥኑን አልጋ ሥር ያስገባሁት ከዚያ ነው። የልጅ ልጆቼ በሞባይል ሰይፈኞቹን ያያሉ፤ አሁን ዘንዶው ስፌት የለውም፣ እሳቱም እውነተኛ ይመስላል። «አያቴ፣ ነይ እይ፣ ይሄኛው ያስቃል» ይሉኛል። አጠገባቸው እቀመጥና ፊታቸውን አያለሁ። ይስቃሉ። ደስ ይበላቸው እላለሁ። እኔ ውስጥ ግን የሚነሳ ነገር የለም።

ብርነሽ አገሯ ልትመለስ ስትል የመጨረሻውን ቀን አብሬያት ዋልኩ። ለመንገድ የተሰጣትን ምስር ስፌድ ላይ አድርገን ጠጠር እንለቅማለን። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ቤቷ ጣራ ቀርቶለት እንደሁ አወራን። ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ስለነበር እንደገና ጀመርኩ።

«ብርነሽ፣ ያን ቀን እኔ...»

«ተይው» አለች። አልተቆጣችም። ዓይኗም ከምስሩ አልተነሳ። «ልቤማ ያውቀው ነበር። አንቺ ባትነግሪኝም ያውቀው ነበር።»

ጠጠር አወጣች፣ ወረወረች።

«ብቻ ሳስበው፣ ሳላውቅ ባድር በዚያች ሌሊት ገና ባልሞተ ነበር። ጎህ እስኪቀድ ድረስ ልጅ ይኖረኝ ነበር።»

ሌላ ጠጠር ፈለገች። እኔም ፈለግሁ። ምስሩ ግን ከጠራ ቆይቷል።